ውሃ ጉድጓድ ወይስ የሳንባ ምርምር? ስለ ሟች የሚሰጥ ሰደቃ



 የዛሬው መልእክት ከወትሮው ረዘም ይላል። ሱረቱል ከህፍን ያልቀራችሁ መጀመሪያ እሱን ቅሩ፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም።

ከጥቂት ወራት በፊት ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስት ልጆች ሊያናግሩኝ መጡ። እህትና ሁለት ወንድሞቿ ናቸው። ታላቂቱ በሴቶች ደርስ የማውቃት፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የጀመረች ልጅ ናት። መካከለኛው ተማሪ ነው፤ ትንሹ ገና 11 ዓመቱ ነው። አባታቸው ከሞቱ አንድ ወር ሊሞላቸው ነበር። ዘመድ፣ ጎረቤትና ጓደኛ «ለአባታችሁ ሰደቃ» እያለ በቴሌብርም በእጅም ገንዘብ ሰጥቷቸዋል። ወንድምየው ከአባታቸው ቁጠባ ተጨምሮበት በሬ ይታረድ ይላል። ጂዳ ያለው አጎታቸው ገጠር ውሃ ጉድጓድ ይቆፈር ብሏል። እሷ ሌላ ሐሳብ ነበራት።

«ኡስታዝ፣ አባዬን የገደለውን በሽታ ለሚያጠኑ ሰዎች ብንሰጠውስ? ሰደቀቱል ጃሪያ ይሆናል?»

(አጀል በአላህ እጅ መሆኑን ታውቃለች፤ እንዲያው አነጋገሯ ነው።)

የመለስኩላትን ሳስታውስ አፍራለሁ። «ጉድጓዱ ይሻላል፣ እሱ ሐዲስ አለው፤ ምርምር ምናምን የሀብታም አገር ጉዳይ ነው» አልኳት። አንገቷን ደፍታ «ጀዛከላህ» ብላ ሄደች። ማታ ተኝቼ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ልጅቷ የጠየቀችኝ የዲን ጥያቄ ነበር፤ እኔ የሰጠኋት የስንፍና መልስ ነው። በማግስቱ ደወልኩላትና «የአባትሽን ሕመም ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አልኳት።

አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከ12 ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ይዟቸው የስድስት ወሩን መድኃኒት በሥርዓቱ ጨርሰው ድነዋል። ዓመታት ቆይቶ ሳሉ ተመለሰ። ሰውነታቸው ከሳ፣ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ አንዳንድ ቀን አክታቸው ውስጥ ደም ይታይ ጀመር። ጤና ተቋም ሄዱ፤ አክታቸው ሲመረመር የቲቢ ጀርም አልተገኘበትም። ምልክቱ ሁሉ ቲቢ ስለሚመስል ግን መድኃኒቱ እንደገና ተጀመረላቸው። መድኃኒቱ አለቀ፣ ሳሉ አላለቀም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጀመሩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ ብርጭቆና ሰሃናቸው ተለይቶ ነበር። የለየችው እሷ ናት። ትንሹ ወንድሟ እንዳይታመም ፈርታ ነው። አባትየው አንድ ቀን እንኳ ምነው አላሉም። ቡና ሲፈላ ሲኒያቸውን ራሳቸው ይዘው መጥተው በር አጠገብ ይቀመጣሉ። «ሳሌ ሰጋጁን ይረብሻል» ብለው ጀመዓ ሶላትም ትተው ቤት መስገድ ጀመሩ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ አንዱ ሲሕር ነው ይላል፣ ሌላው ዐይን ነው ይላል፤ የዱዓ ውሃ ያልቀዳላቸው የለም።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሲቲ ስካን አዘዘላቸው። ቲቢው ድሮ ሳንባቸው ላይ በተወው ክፍተት ውስጥ ፈንገስ በቅሏል። ሐኪሙ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ነገራቸው። መድኃኒቱ በአካባቢያቸው ፋርማሲዎች ጠፍቶ አጎትየው ከጂዳ እስኪልክ ሳምንታት አለፉ። ከጀመሩ ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ አንድ ሌሊት ብዙ ደም ተፍተው ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው።

«ኡስታዝ፣ ብርጭቆውን ስለይ ዐይኑን አይቼዋለሁ» አለችኝ።

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። በኋላ ላይ የነገርኳት ይህን ነው፦ ባወቅሽው ልክ ነው የሠራሽው፤ ከተላላፊ በሽታ መጠንቀቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን ነገር ነው፤ አላህ ነፍስን ከዐቅሟ በላይ አያስገድድም፤ ያልተነገረሽን ነገር ባለማወቅሽ አትጠየቂበትም። ሰማችኝ። ግን የፈለገችው ማጽናኛ አልነበረም። «ገባኝ፤ ሌላ ልጅ ግን ይህን እንዳታደርግ ምን ላድርግ?» ነበር ጥያቄዋ።

ስለ በሽታው ትንሽ እንነጋገር፤ እኔም ከዚያ ቀን በፊት ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሻጋታን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰንብቶ የተረሳ እንጀራ ላይ ሁላችንም አይተነዋል። አስፐርጊለስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት አፈር ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል ላይ፣ እርጥብ ገለባና እርጥብ ግድግዳ ላይ ይኖራል። ዘሩ በዐይን የማይታይ ደቃቅ ነው፤ አየር ላይ ተንሳፎ ይኖራል፤ እናንተም ይህን እያነበባችሁ እየሳባችሁት ነው። አትደንግጡ፤ የጤነኛ ሰው ሳንባ ጠርጎ ያስወጣዋል። ሱብሓነላህ፣ አመስግነን የማናውቀው ስንት ኒዕማ አለ!

ሳንባው የተጎዳ ሰው ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ቲቢ ሲድን አንዳንድ ጊዜ ሳንባ ውስጥ ክፍተት ትቶ ይሄዳል። ዘሩ እዚያ ገብቶ ያድራል፣ ይበቅላል፤ አንዳንዴም ተድቦልቡሎ ኳስ ይሠራል። ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሳንባ አስፐርጊሎሲስ ይሉታል። ሳሉ፣ መክሳቱ፣ ድካሙ፣ ደሙ ሁሉ ቁርጥ ቲቢ ነው። ለመለየት ከራጅ ወይም ከሲቲ ስካን ጋር፣ ሰውነት ፈንገሱን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልግ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ እንደ ኢትራኮናዞል ያለ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። አንድ ነገር አደራ፦ ይህን አንብቦ የቲቢ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር። የኔ ሥራ ልብ እንድትሉት ማድረግ ነው፤ ውሳኔው የሐኪም ነው።

አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ቲቢን አሸንፈው፣ ያ ክፍተት ሳንባቸው ውስጥ ቀርቶ በመካከላችን የሚኖሩ ሰዎች አሉ። በየመስጂዱ ሶፍ ውስጥ አጠገባችን ቆመዋል።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ የአደገኛ ፈንገሶችን ዝርዝር አወጣ። 19 ናቸው። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት አራቱ አንዱ ነው። ፈንገስ ላይ የሚያርፈው የምርምር ገንዘብ ትንሽ ነው። መድኃኒቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ዓይነቶች ናቸው፤ ለሰው የሚሆን የፈንገስ ክትባት እስካሁን የለም። ይባስ ብሎ የመድኃኒቱ ዘመድ የሆነ ኬሚካል በየእርሻው ላይ ስለሚረጭ ፈንገሱ ለመድኃኒቱ እየተላመደ ነው።

አሁን «ምርምር የሀብታም አገር ጉዳይ ነው» ወዳልኩት ልመለስ። ኡጋንዳ ውስጥ፣ በሰሜን በኩል ጉሉ በምትባል ከተማ፣ ተመራማሪዎች የቲቢ ሕክምናቸውን የጨረሱ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎችን መረመሩ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ያገኟቸውን ፈልገው ደግመው መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ሳንባቸው ላይ ክፍተት ከቀረባቸው ሰዎች መካከል ሩብ ያህሉ ይህ በሽታ ነበረባቸው። እስቲ ይህ ጥናት ምን እንደሚፈልግ አስቡት። ደም የምትቀዳ ነርስ፣ ራጅ፣ የመመርመሪያ ኬሚካል፣ ከገጠር ለሚመጣ ሽማግሌ የታክሲ ብር፣ ስልክ እየደወለ ሰው የሚፈልግ ሠራተኛ። ምርምር ስንል ከፍ ያለ ሕንፃና ነጭ ካፖርት ነው የሚታየን፤ ብዙው ወጪ ግን እንዲህ ያለ ነው። በሬ በሚገዛ ገንዘብ ሊሸፈን የሚችል ቁራጭ አለው።

ብሪታንያ ውስጥ ይህንኑ ነገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲያጠኑ ነበር። ዛሬ ማንችስተር ከተማ ውስጥ ለዚህ በሽታ ብቻ የተቋቋመ ብሔራዊ የሕክምና ማዕከል አላቸው። ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦችም የሟቹን ስም ይዘው በእግር እየተጓዙ፣ እየሮጡ ለምርምር ገንዘብ ያሰባስባሉ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ። ስለ ሟች መስጠትን ከሕፃንነታችን ጀምሮ የተማርን እኛ ነንና።

የሰዕድ ኢብኑ ዑባዳን (ረ.ዐ) ታሪክ ታስታውሳላችሁ። እናቱ የሞተችው እሱ በሌለበት ነው። መጥቶ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ስለሷ ሰደቃ ብሰጥ ይጠቅማታል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎን አሉት። ሚኽራፍ የሚባለውን የአትክልት ቦታውን ስለ እናቱ ሰደቃ ማድረጉን አስመሰከራቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል። በሌሎች ዘገባዎች ደግሞ የትኛው ሰደቃ ይበልጣል ብሎ ጠይቆ ውሃ መባሉ አለ። እኔ ለልጅቷ «ሐዲስ አለው» ያልኳት ይህን ይዤ ነው። ግን አስተውሉ፤ የአንድ እናት፣ የአንድ ልጅ ታሪክ ውስጥ ራሱ የአትክልት ቦታም ውሃም አለ። ውሃ የላቀው ሰው ስለሚጠማ ነው። የሰው ችግር ያለበት ቦታ ሁሉ በር አለው።

የሰደቃና የዱዓ ምንዳ ለሟች እንደሚደርስ ዐሊሞች ተስማምተዋል፤ ኢማሙ ነወዊ ይህን ስምምነት አስፍረውታል። ሰው ሲሞት ሥራው ተቋርጦ ሦስት ነገሮች እንደሚቀሩለት በሙስሊም ዘገባ የመጣውን ሐዲስም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፦ የሚፈስ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ልጅቷ የጠየቀችኝን መልሼ ሳየው ሦስቱንም አንድ ላይ ይዛ ነው የመጣችው። እኔ ግን ጉድጓድ ብቻ ነበር የታየኝ።

ደግሞስ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከነገሩን፣ ያ መድኃኒት ፈላጊ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም? ቀደምቶቻችን የገባቸው እንዲህ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ መሬት ሲደርሰው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) አማክሮ፣ መሬቱ ሳይሸጥ ምርቱ ብቻ ሰደቃ እንዲሆን አደረገው። ወቅፍ የምንለው ነገር በዚህ መንገድ ሄዶ ሆስፒታል አሠራ። ደማስቆ ውስጥ ኑረዲን፣ ካይሮ ውስጥ ሱልጣን ቀላዉን ያሠሯቸው ሆስፒታሎች በወቅፍ ገቢ ይተዳደሩ ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ሰው በተለይ ላስተዋውቃችሁ፤ የሳንባ ነገር ነውና። ኢብኑ ነፊስ ይባላል። ደማስቆ ተምሮ ካይሮ የሠራ ሐኪም ነው፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ፈቂህ ነበር። (ሕክምና ወይስ ዲን ልማር እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ ልብ በሉልኝ።) በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወጥቶ በሳንባ በኩል አልፎ ወደ ግራው እንደሚመለስ ጻፈ። የነጋሊኖስን የብዙ መቶ ዓመታት ትምህርት ተቃርኖ ነው ይህን ያለው። እ.ኤ.አ. በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለካይሮው ሆስፒታል ተናዞ ሰጠ። ያ ጽሑፉ ለዘመናት ከብዙዎች ዐይን ርቆ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ ቅጂውን አገኘና ዓለም አወቀው። ሰውየው ከሞተ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

«ምርምሩ ባይሳካስ? ብሩ ባክኖ ቢቀርስ?» ትላላችሁ። ወንድሟም ይህንኑ ጠይቋል። በሌሊት ሰደቃ ሊሰጥ ወጥቶ ሳያውቅ አንዴ ለሌባ፣ አንዴ ለዝሙተኛ፣ አንዴ ለሀብታም ስለሰጠው ሰውዬ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ተመልከቱ። ሰው አወራበት፤ አላህ ግን ተቀበለው። ሌባው ምናልባት ከስርቆቱ ይታቀብ ይሆናል፣ ሀብታሙም ይማርበት ይሆናል ተባለ። ሰውየው ግን የወጣው በእውነተኛ ኒያ ነው። «ይህ መንገድ አይሠራም» የሚል የጥናት ውጤትም ለቀጣዩ ተመራማሪ ዕውቀት ነው። ይህ ማለት ግን ዐይንን ጨፍኖ ለማንም መስጠት አይደለም፤ ገንዘቡ አማና ነው።

እዚህ ላይ ነው ከልጆቹ ጋር ብዙ የተነጋገርነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት «የአባታችሁ ዕዳ አለ?» ብዬ ነው። ነበረባቸው፤ ለጨርቅ ነጋዴ የሚከፈል። ከማንኛውም ሰደቃ በፊት እሱ ይከፈል አልኳቸው። ቀጥሎ የቁጠባው ነገር መጣ። ያ ገንዘብ ውርስ ነው፤ ውስጡ የ11 ዓመቱ ልጅ ድርሻ አለበት። ትንሹ ልጅ «እኔም እስማማለሁ፣ በሬ ይታረድ» አለ። አንጀቴን በላኝ። ግን ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ፈቃድ ድርሻውን ለመስጠት አይበቃም፤ ታላላቆቹም አይሰጡበትም። የየቲም ገንዘብ መብላት በቁርኣን ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ እንደመጣበት የምታውቁት ነው። በየቀብሩ ማግስት ድርሻ ሳይለይ ስንት በሬ እንደሚታረድ አላህ ይወቅ። የድግሱ ነገር ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ ሌላ ጁሙዓ እንመለስበታለን።

ሰው የሰጠው ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነው። ሰጪዎቹ «ለሰደቃ» ብለው ሲሰጡ ልባቸው ላይ ምግብ ወይም ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው መልእክት ጻፈች፦ ገንዘቡን ለዚህ ልናውለው አስበናል፣ ካልፈለጋችሁ እንመልሳለን ወይም ለውሃው እናደርገዋለን ብላ። አድካሚ ነበር፤ ግን እንዲያ ነው መሆን ያለበት። አንዲት ጎረቤት «የኔ ዘካ ነው» ብላ መለሰች። ዘካ ቁርኣን በዘረዘራቸው ስምንት ወገኖች የተወሰነ ነውና ብዙሃኑ ዐሊሞች ለእንዲህ ያለ ጉዳይ አይፈቅዱትም፤ ተመለሰላትና ለሚገባው ሰው ሰጠችው።

ቲክቶክ ላይ ልትለጥፈው ያሰበችው ቪዲዮም ነበር። አባትየው አልጋ ላይ ሆነው ሲስሉ ነው። «ሰው እንዲያዝን» አለችኝ። «በሕይወት ቢኖሩ ይፈቅዱልሽ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። ጠፋ፤ በምትኩ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ፎቶ አነሳች። ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን፣ መደበቁ ደግሞ የበለጠ መሆኑን ቁርኣን ነግሮናል። ሌላው ሰው እንዲሳተፍ ብላችሁ ስትገልጹ የሟቹን ገመና አትግለጡ።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ብታስቡ በግል የባንክ ሒሳብ አታሰባስቡ። ጥናቱን ማን ይመራል፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለው ወይ፣ ገንዘቡ በተቋሙ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኝ ይሰጠዋል ወይ፣ ውጤቱስ መቼ ይነገረናል ብላችሁ ጠይቁ። ስለ አማናው ያልጠየቀ ሰው በኋላ ሰውን ወደ ማማት ነው የሚሄደው።

ልጆቹ የት ደረሱ? አባታቸውን ያከመው ሐኪም በዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ክፍል ቲቢ ታክመው የዳኑ ሰዎችን ከምታጠና ተመራማሪ ጋር አገናኛቸው። የጎደላት የደም መመርመሪያው ኪት ነበር። አብዛኛው ገንዘብ በተቋሙ ሒሳብ ለእሱ ገባ፤ ሐሳባቸውን ያልቀየሩ ሰጪዎች ድርሻ ከአጎትየው ጋር ለውሃው ሆነ። ወንድምየው የበሬውን ነገር ትቶ ከራሱ የኪስ ገንዘብ በግ ገዝቶ ለድሆች አካፈለ። ዕዳው ተከፍሏል። ተመራማሪዋ ደረሰኙ ላይ የአባታቸውን ስም ላስገባ ብላ ስትጠይቃቸው፣ «አላህ ያውቀዋል፣ ይቅር» አሏት።

ከዐስር እስከ መግሪብ ባለችው የጁሙዓ ሰዓት ለእኚህ ልብስ ሰፊ አባትና በዚህ በሽታ ለተለዩን ሁሉ ዱዓ አድርጉልኝ። አልሏሁመግፊር ለሁም ወርሐምሁም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።